ተመሳሳይ ቤቶች በተከታታይ ሲሠሩ የሥራው ተራና የዕቃው መድረሻ ቀን

ለቤት ሥራ የሚሆን ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ወይም በመደብሩ የሚሸጥ ነጋዴ ከሥራ ተቋራጭ ጋራ ሲዋዋል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የዕቃውን ዓይነት፤ ብዛትና ዋጋ ነው። ዕቃው በየትኛው ቀንና በምን ያህል መጠን እየተከፋፈለ እንደሚፈለግ ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚታወቅ ነገር ይመስለዋል። ይህ አሳብ ለአንድ ቤት ሲሆን እምብዛም አይጎዳም። ሃያና ሠላሳ ቤቶች በአንድ ፕላን በሚሠሩበት ቦታ ግን ወይ የነጋዴውን ገንዘብ በመጋዘን አስሮ ያስቀራል፤ ወይ ሠራተኛውን ያለ ሥራ ያስቀምጣል።

እንዲህ ያለው ሥራ የራሱ ጠባይ አለው። መሠረት የሚያወጣው፤ ግድግዳ የሚያቆመውና ቆርቆሮ የሚመታው ቡድን እየተከታተሉ ከቤት ወደ ቤት ይዘዋወራሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት አንዱ ቤት በስንት ቀን እንደሚያልቅ ሳይሆን እያንዳንዱ ቡድን ከአንዱ ቤት ወደሚቀጥለው በስንት ቀን እንደሚሻገር ነው። ይህን ለማሳየት የሚያገለግለው ዘዴ በእንግሊዝኛ ላይን ኦፍ ባላንስ ይባላል፤ በአማርኛ የሚዛን መስመር ልንለው እንችላለን። ዘዴው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1940ዎቹ ጉድይር በተባለው የአሜሪካ የጎማ ኩባንያ ተጀምሮ፤ በ1950ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፋብሪካ ሥራ አዳበረው፤ ከዚያም ወዲህ ለቤቶች ሥራ ተወሰደ። አሣሣሉ ቀላል ነው። ካሬ መስመር ባለው ወረቀት ላይ ቀኖቹ ከግራ ወደ ቀኝ፤ ቤቶቹ ከታች ወደ ላይ ይጻፋሉ፤ የእያንዳንዱ ቡድን ጉዞም ሽቅብ የሚወጣ አንድ መስመር ይሆናል። የፈጣኑ ቡድን መስመር ቀና ይላል፤ የዝግተኛው ይጋደማል።

ለምሳሌ ያህል 20 ቤቶች የሚሠሩ ቢሆን፤ ለአንድ ቤት መሠረቱ 4፤ ግድግዳው 6፤ ጣሪያው 3 የሥራ ቀን ይፈጃል እንበል። የመሠረቱ ቡድን በ80 ቀን ይጨርሳል። ግንበኞቹ በ4ኛው ቀን ማብቂያ ተነሥተው 20ኛውን ቤት የሚያደርሱት በ124ኛው ቀን ነው። የመጀመሪያው ቤት ግድግዳ በ10ኛው ቀን ስለሚያልቅ ቆርቆሮ መቺዎቹ ያን ጊዜ ይጀምሩ ቢባል፤ በየቤቱ 3 ቀን ሠርተው 3 ቀን ግንበኛውን ሲጠብቁ ይኖራሉ፤ ሥራውም በ127ኛው ቀን ያልቃል። እስከ 67ኛው ቀን ቆይተው ቢጀምሩስ? ሳያርፉ 60 ቀን ሠርተው በዚያው በ127ኛው ቀን ይጨርሳሉ። አስቀድሞ መጀመሩ አንድ ቀን አላተረፈም፤ 57 የቦዘነ ቀን ግን አስከፈለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. በዱፖንት ኩባንያ የተጀመረው ክሪቲካል ፓዝ የተባለው ዘዴ ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ ግንባታ እጅግ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱን ሥራ ቶሎ ሊጀመር በሚችልበት ቀን ስለሚያስቀምጥ እንዲህ ያለውን ብክነት ብቻውን አያሳይም።

አሁን ተቋራጩ ሁለተኛ የግንበኞች ቡድን ቢጨምር ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ሁለቱ ቡድኖች ቤቶቹን ተካፍለው በ86ኛው ቀን ይጨርሳሉ፤ ጣሪያው በ29ኛው ቀን ተጀምሮ በ89ኛው ያልቃል። እንግዲህ ቆርቆሮና ምስማር የሚያቀርበው ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባው ይህን ነው፤ የዕቃው መፈለጊያ ቀን ከ67 ወደ 29 የወረደው ስለ ጣሪያ ሠራተኞች አንዳች ነገር ሳይለወጥ፤ በግንበኞቹ ቁጥር ምክንያት ብቻ ነው። ከ29ኛው ቀን ጀምሮ በየ3 ቀኑ የአንድ ቤት ቆርቆሮ ይበቃል፤ የ20ውን ቤት በአንድ ጊዜ ማራገፍ ግን ዝናብና ሌባ መጥራት ነው።

ዕቃን በሥራው እርምጃ ልክ የማድረስ ነገር በኒው ዮርክ በኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ታይቷል። ባለ 102 ፎቁ ሕንፃ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መጋቢት 17 ቀን 1930 ተጀምሮ ግንቦት 1 ቀን 1931 ተመረቀ። ፎቆቹ እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ ሥራው ከላይ እስከ ታች ተደጋጋሚ ነበር። በከተማው መካከል ዕቃ የሚከመርበት ሥፍራ ስላልነበረ፤ ብረቱ የሚቆምበት ቦታ በቁጥር እየተጻፈበት በሰዓቱ ይመጣ ነበር፤ በየፎቁም ትንንሽ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ዕቃው በጋሪ ይታደል ነበር።

በኢትዮጵያ ግን ዕቃው ከጅቡቲ ወደብ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ በሰዓት መቅጠር አይቻልም፤ በመስመሮቹ መካከል ጥቂት ቀን መጠባበቂያ መተው ግድ ነው። ክረምትም አለ። ከላይ በተሰጠው በመጀመሪያው ምሳሌ የአንደኛው ቤት ግድግዳ በ10ኛው ቀን አልቆ ጣሪያ ሳይለብስ እስከ 67ኛው ቀን ይቆያል። ይህ ወቅት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዋለ ጣሪያውን አስቀድሞ መጀመርና የሠራተኛውን የቦዘነ ቀን መክፈል ይሻላል፤ ወይም ደግሞ ግንበኛ መጨመር።

ስለዚህ ነጋዴው ኤል ሲ ከመክፈቱ በፊት ተቋራጩ ስንት የግንበኛ ቡድን እንዳሰበ፤ በየስንት ቀኑ አንድ ቤት እንደሚያደርሱና በመካከል ስንት የመጠባበቂያ ቀን እንደተተወ ጠይቆ በውሉ ውስጥ ያስጽፍ። ተቋራጩ የቡድኑን ቁጥር የለወጠ እንደ ሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ የሚያስገድድ አንድ አንቀጽም ይጨመርበት።