መኪናው ይረክሳል፣ መለዋወጫው አይረክስም

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 መርሴዲስ ቤንዝ አዲሱን ኤስኤል በጄኔቭ የመኪና ትርዒት ላይ ለሕዝብ አሳየ። የፋብሪካ መለያው አር129 ነው። ቁልፍ ሲጫኑት የጨርቅ ጣሪያው በ30 ሰከንድ ገደማ ተጣጥፎ ከኋላ ክዳን ሥር ይገባል። መኪናው ሊገለበጥ ሲል ደግሞ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ የተኛው የብረት ቅስት በ0.3 ሰከንድ ብድግ ብሎ የተሳፋሪዎቹን ጭንቅላት ይከላከላል። ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሳ ወረፋው ዓመታት ፈጀ፤ ጀርመን ውስጥ መኪናው እጃቸው ሳይገባ የግዢ ውሉን ብቻ አትርፈው የሸጡ ሰዎች ነበሩ። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ 500ኤስኤል አሜሪካ ሲገባ ዋጋው ከ80,000 ዶላር በላይ ነበር።

ያ መኪና ዛሬ አሜሪካ ውስጥ፣ ደህና የተያዘው እንኳ፣ ከአንድ አዲስ ቶዮታ ኮሮላ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው ልቡ መነሳቱ አይቀርም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ገዢም ሻጭም የሚጠይቁት ነው፦ በእርግጥ ስንት ያወጣል? ጥያቄው ሲሰሙት የደላላ ሥራ ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን ፊዚክስ አለበት፣ የዕድል ስሌት አለበት፣ የሰው ልብ መዋዠቅም አለበት።

ቁልቁለቱና የሚቆምበት ቦታ

የመኪና ዋጋ አወራረድ ሲሰላ ቀላሉ መንገድ በየዓመቱ ከቀረው ዋጋ ላይ አንድ ዓይነት መቶኛ መቀነስ ነው። ለምሳሌ 100,000 ዶላር የተገዛ መኪና በየዓመቱ ካለው ዋጋ 15 በመቶ ያጣል እንበል። ከ5 ዓመት በኋላ 44,000 ገደማ፣ ከ10 ዓመት በኋላ 20,000 ገደማ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ከ4,000 በታች ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት ብቻውን 15,000 ዶላር ሲበላ፣ ሃያኛው ዓመት የሚበላው 700 እንኳ አይሞላም።

መኪናው ወጣት ሳለ ይህ ስሌት ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ሲያረጅ ግን ይስታል፤ ምክንያቱም ዋጋውን የሚወስነው ዕድሜው መሆኑ ይቀርና አያያዙ ይሆናል። በአንድ ሳምንት ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ኤስኤሎች ዛሬ አንዱ የሌላውን ሦስትና አራት እጥፍ ሊያወጣ ይችላል።

አንዳንዴም ቁልቁለቱ ቆሞ ዳገት ይጀምራል። ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላውና እንደ ጥንቱ የተጠበቀ መኪና ሰሌዳው ላይ «ኤች» ፊደል ይጨመርለታል፤ የሞተሩ መጠን ምንም ይሁን ምን ዓመታዊ ግብሩ 191.73 ዩሮ ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ አር129ዎች እዚህ ዕድሜ ላይ የደረሱት በ2019 ነው። ሆኖም ዳገቱ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወስነው የመኪናው ብዛት ነው። ቅድመ አያቱ የሆነው ክፍቱ 300ኤስኤል ከ1957 እስከ 1963 የተሠራው 1,858 ብቻ ስለሆነ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሸጣል። አር129 ግን እስከ 2001 ድረስ 204,940 ተሠርቷል። «ክላሲክ ነው፣ ነገ ይወደዳል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ይህን ቁጥር ማስታወስ ይበጃል።

ዲኤክስ የሚያስተምረን

የቅንጦት መኪና ከተራ መኪና በፍጥነት የሚረክስበትን ምክንያት አዲስ አበባ ያደገ ሰው በተቃራኒው በኩል ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራችው ኮሮላ ዲኤክስ ለአሥርት ዓመታት ዋጋዋን ይዛ ቆየች። የቀረጡ ክብደትና የመኪና እጥረት ድርሻ ነበራቸው። ግን እጥረቱ ለሁሉም መኪና ነበር፤ ዲኤክስን ከሌላው የለያት ዕቃዋ ሶማሌ ተራ ሞልቶ መገኘቱ፣ የማያውቃት መካኒክም አለመኖሩ ነው። የዲኤክስ ገዢ ነገ ምን እንደሚያወጣ አስቀድሞ ያውቃል።

500ኤስኤል የዚህ ግልባጭ ነው። መኪናው 80,000 ዶላር የነበረው ወደ 15,000 ሲወርድ መለዋወጫው አብሮት አልወረደም፤ ዕቃው አሁንም ለባለ 80,000 ዶላር መኪና የተሠራ ዕቃ ነው። የጣሪያውን ሥራ ብቻ እንይ። ጨርቁን የሚያነሱና የሚያጥፉ፣ መቆለፊያዎቹን የሚከፍቱ ከአሥር በላይ የሃይድሮሊክ ሲሊንደሮች አሉበት። በየአንዳንዱ ውስጥ ዘይቱን የሚያግድ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለ። ጎማ በሙቀትና በዘመን ብዛት ይደርቃል፣ መለጠጡን ያጣል፤ ዘይቱ ሥሩ ሾልኮ ይወጣል። አንዱ ካፈሰሰ ሌሎቹም እኩዮቹ ስለሆኑ ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ሌላው የታወቀ ጣጣ የሞተሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ከ1993 እስከ 1995 ገደማ በተሠሩት ብዙ የመርሴዲስ ሞተሮች ላይ ሽቦውን የሚሸፍነው ልባስ፣ መኪናው ሲጣል በቀላሉ እንዲበሰብስ ታስቦ የተመረጠ ነበር። ልባሱ ግን መኪናው እስኪጣል አልጠበቀም፤ የሞተሩ ሙቀት አድርቆት እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈራል። ራቁታቸውን የቀሩ ሽቦዎች ሲነካኩ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ውድ የሆኑት መቆጣጠሪያዎችም ይቃጠላሉ። ስለዚህ የ1994 ኤስኤል ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ገመዱ ተቀይሯል ወይ?» መሆን አለበት፤ «አዎ» ከተባለም ደረሰኙን ማየት ያስፈልጋል።

ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ የሚሆነው ታዲያ የግዢውን ዋጋ ብቻ የሚያይ ሰው ነው።

የጫማ ካርቶን ሙከራ

አንድ የጫማ ካርቶን ከነክዳኑ በሁለት እጅ ይዛችሁ ለማጣመም ሞክሩ፤ ይቋቋማችኋል። ክዳኑን አንሱና ድገሙት፤ ወዲያው ይጣመማል። ባለ ጣሪያ መኪና እንደተዘጋው ካርቶን ነው፤ ጣሪያው፣ ወለሉና ጎኖቹ ጭነቱን ተጋርተው ይሸከማሉ። ጣሪያው ሲነሳ ሸክሙ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። መሐንዲሶች ለዚህ ብለው የክፍት መኪናን ወለልና ከበሮቹ ሥር የሚያልፈውን የብረት ሳጥን ያጠነክሩታል።

ስለዚህም ከበሩ ሥር ያለ ዝገት ሴዳን ላይ የመልክ ጉዳት ሊሆን ሲችል፣ ክፍት መኪና ላይ የአጥንት በሽታ ነው። አር129 ታችኛው ጎኑ በፕላስቲክ ሰሌዳ የተሸፈነ ስለሆነ ዝገቱ ከውጭ አይታይም። ክሪክ የሚገባበትን ቀዳዳ በባትሪ መብራት ማየት፣ ከተቻለም ጋራዥ አስገብቶ ሥሩን ማየት የግድ ነው።

የቀለም ውፍረት መለኪያም ትልቅ ምስክር ነው። የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከሰው ፀጉር ብዙም የማይበልጥ ውፍረት አለው። መለኪያው በር ላይ 120 ካለ በኋላ የኋላ ጭቃ መከላከያው ላይ 900 ካነበበ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተለብጧል፤ ስቱኮ ካለ ደግሞ ግጭት ሳይኖር አይቀርም። ጎማውም ይናገራል። ጎኑ ላይ ካሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ፤ 2314 የሚል ጎማ እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ከአሥር ዓመት ካለፈ መኪናው ብዙ ቆሟል። መቆም ደግሞ ለጎማ ቀለበቶች፣ ለነዳጅ መስመርና ለባትሪ ደግ አይደለም። ቆጣሪው ያነበበው ትንሽ ኪሎሜትር ሁልጊዜ መልካም ዜና የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ጥርጣሬ ስንት ያወጣል

በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ጽሑፉን ቀድመው ሦስት መጽሔቶች አልተቀበሉትም ነበር። በ2001 ግን ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚሁ ሐሳብ የተነሳ ነው።

ሐሳቡ በቀላል ስሌት ይገባል። ገበያ ላይ ካሉት ኤስኤሎች ግማሾቹ ጥሩ ሆነው 16,000 ዶላር ቢገባቸው፣ ግማሾቹ ውስጣቸው የታመመ ሆኖ 6,000 ቢገባቸው፣ ገዢውም መለየት ባይችል፣ የሚደፍረው ዋጋ የሁለቱ አማካይ 11,000 ነው። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይተወዋል። ጥሩዎቹ ከገበያው ሲወጡ የሚቀሩት የታመሙት ናቸው፤ ገዢው ይህን ሲረዳ ዋጋውን እንደገና ይቀንሳል። በዚህ መንገድ ጥርጣሬ ብቻውን አንድን ገበያ ሊያጠፋው ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለሻጭም ለገዢም አንድ ነው፦ ማስረጃ ገንዘብ ነው። የሃያ ዓመት የጥገና ደረሰኝ የታጨቀበት ያረጀ ፋይል ሞተሩ ላይ አንድ ቡሎን አያጠብቅም። የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ መኪናውን ከ«ምናልባት» ተራ አውጥቶ ከታወቁት ጎራ ያስገባዋል። ለዚህ ነው ሁለት አንድ ዓይነት መኪኖች በፋይላቸው ብቻ በሺህ ዶላሮች የሚለያዩት።

ፀሐይና ቁጥር

የአንድን ዕቃ ዋጋ በየባሕርዩ ከፋፍሎ መገመት፣ ለጉልበቱ ይህን፣ ለክብደቱ ያን እያሉ ማስላት፣ ራሱ ከመኪና ነው የተወለደው። በ1939 አንድሩ ኮርት ለአሜሪካ የመኪና አምራቾች ማኅበር ሲሠራ ዋጋን በክብደት፣ በጎማዎች መካከል ባለው ርዝመትና በፈረስ ጉልበት ተንትኖ አሳየ፤ በ1961 ዝቪ ግሪሊከስ ዘዴውን አዳብሮ አስፋፋው። ዛሬ የመኪና ዋጋ የሚገምቱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ።

ገዢው ግን ኮምፒውተር አይደለም። በ2012 የታተመ ጥናት ከ22 ሚሊዮን በላይ የአሮጌ መኪና ጨረታዎችን መርምሮ፣ ዋጋው በየ10,000 ማይሉ ድንበር ላይ በድንገት እንደሚወርድ አገኘ። 79,900 ማይል በሄደና 80,100 በሄደ መኪና መካከል ሞተሩ የሚያውቀው ልዩነት የለም፤ ዓይን ግን የመጀመሪያውን አኃዝ ይዞ ይሄዳል።

ክፍት መኪና ላይ ደግሞ ፀሐይ ትጨመራለች። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ከ40 ሚሊዮን በላይ የመኪና ግዢዎችን አይቶ፣ ሰዎች ክፍት መኪና የሚገዙት ለወቅቱ ከተለመደው ይልቅ በሞቀበትና ሰማዩ በጠራበት ቀን አብዝተው መሆኑን አሳየ። መኪናው ለዓመታት የሚነዳ ሆኖ ሳለ የዚያ ዕለት ሰማይ ይወስናል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው ነው። ስለዚህ የሚሸጥ ሰው ብራ ቀን ይጠብቅ፤ የሚገዛ ሰው ደመናማውን ይምረጥ።

ስሌቱ በወረቀት ላይ

አሁን ሁሉንም እናገናኘው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የቀረቡ ናቸው።

በመጀመሪያ የተጠየቀውን ዋጋ ትተን የተሸጠበትን እንያዝ፤ የሚጠየቅ ዋጋ ምኞት ነው። አምስት ተመሳሳይ መኪኖች በ14,000፣ በ15,000፣ በ15,500፣ በ16,500 እና በ31,000 ዶላር ተሸጡ እንበል። አማካዩ 18,400 ነው፤ ይህን ያህል ግን ማንም አልከፈለም። ጥቂት ማይል ብቻ የሄደው ባለ 31,000 ዶላሩ መኪና ብቻውን ጎትቶ ሰቅሎታል። በተራ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው 15,500 ከእውነቱ ይቀርባል።

ከዚያ የመኪናውን ዕዳ እንቀንስ። ጣሪያው ዘይት ያፈሳል፤ ማደሱ 2,000። ጨርቁ አርጅቷል፤ የኋላው የፕላስቲክ መስኮት ደብዝዟል፤ 1,500። ጎማ 800። የሞተሩ ገመድ ለመቀየሩ ማስረጃ የለም፤ ማስቀየሪያው 1,600 ቢሆንና ያለመቀየሩ ዕድል ግማሽ በግማሽ ቢሆን 800 እንይዛለን። ድምሩ 5,100 ነው፤ ግምታችንም 10,400 ይሆናል። ገመዱ መቀየሩ ከተረጋገጠ 11,200፣ ካልተቀየረ 9,600። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ «ከ9,600 እስከ 11,200» የሚል እንጂ አንድ ቁጥር አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው 1,600 ዶላር ደግሞ የአንድ ደረሰኝ ዋጋ ነው።

ሻጩ «ባለፈው ዓመት 10,000 አውጥቼበታለሁ» ካለ ይታመን፤ ዋጋው ላይ ግን 10,000 አይደመርለት። ያልተሠራ ብልሽት ከዋጋው ሙሉ በሙሉ ሲቀነስ፣ የተሠራው የሚመልሰው በከፊል ነው፤ ገዢው ጤነኛ መኪናን ከመጀመሪያውም በመሃለኛው ዋጋ ውስጥ ቆጥሮታልና።

ሊሸጥ የቀረበ ክፍት መኪና ሁልጊዜ ተከፍቶ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ስትደርሱ ሻጩን ጣሪያውን እንዲዘጋው ለምኑት፤ ከዚያ እንደገና ክፈተው፣ እንደገና ዝጋው በሉት። ሲያበቃ ተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ከፊት መስታወቱ በላይ፣ ጣሪያው የሚቆለፍበት ጠርዝ ላይ ጣታችሁን አሻሹ። ጣታችሁ ዘይት ይዞ ከተመለሰ ድርድሩን ከየት እንደምትጀምሩ አወቃችሁ።