ግጥሙ እንዲሰማ፦ የትንሽ መድረክ የድምፅ ሥራ

አዝማሪ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው እንኳ «ተቀበል!» የሚለውን ጥሪ ያውቀዋል። እንግዳው ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር አዋህዶ ይመልሰዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ቃሉ ሲሰማ ነው። ሰሙ ሳይሰማ ወርቁ ከየት ይወጣል? የትንሽ መድረክ የድምፅ ባለሙያ የመጀመሪያ ሥራም እዚሁ ላይ ነው፤ ቤቱን ከማናጋት በፊት ግጥሙን ማሰማት።

የድምፁ መንገድ አጭር ነው። ማይክ የአየሩን ንዝረት ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጣል። ሚክሰር ያጎለብተዋል፣ ከሌሎቹ ጋርም ያመጣጥነዋል። አምፕሊፋየር ጉልበት ይሰጠዋል፣ ስፒከር ደግሞ መልሶ አየር ያናውጥበታል። ዛሬ ለትንሽ መድረክ የሚሠሩ ብዙ ስፒከሮች አምፕሊፋየራቸውን በውስጣቸው ይዘው ስለሚመጡ፣ ሃምሳና ስድሳ ሰው ለሚይዝ ቤት ሁለት ስፒከር፣ አንድ ሞኒተርና መጠነኛ ሚክሰር ይበቃል።

በየመድረኩ የምናየው ክብ የመረብ ራስ ያለው ማይክ፣ ሹር ኤስኤም58፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ ነው። ጠንካራ ነው፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ አጥብቆ ይዞ ከጀርባው የሚመጣውን በእጅጉ መቀነሱ ነው። ለዘፋኙ የራሱን ድምፅ የሚመልስለት ሞኒተር በማይኩ ጀርባ አቅጣጫ ወለሉ ላይ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ወጣት ዘፋኞች ያምራል ብለው የማይኩን ራስ በመዳፋቸው ይሸፍኑታል። ያኔ የኋላውን ድምፅ ለመቀነስ የተሠሩት ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፣ ወዲያው ይጮኻል።

የማይክ ጩኸት የዙር ጉዳይ ነው። በማይክ የገባው በስፒከር ይወጣል፣ ከስፒከር የወጣው ወደ ማይክ ይመለሳል፣ እንደገና ይጎለብታል፤ ዙሩ ሲደጋገም አንድ ድምፅ ብቻውን ነጥሮ ይወጣል። መጀመሪያ የሚፈተሸው አቀማመጥ ነው። ስፒከሮቹ ከማይኮቹ ፊት ለፊት አልፈው ወደ ሕዝቡ መዞር አለባቸው፤ ከዘፋኙ ኋላ ከቆሙ ምንም ዓይነት ሚክሰር አያድንም። ቀጥሎ ርቀት ነው። ከምንጩ ያለው ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ማይኩን ከአፉ 20 ሳንቲሜትር አርቆ የነበረ ዘፋኝ ወደ 5 ሳንቲሜትር ቢያቀርበው 12 ዴሲቤል ያተርፋል፣ ያውም ያለ ምንም ወጪ።

ይህን ሁሉ ዘሎ ትሬብሉን (ላይኛውን ድምፅ) በሙሉ የሚቀንስ ጀማሪ ጩኸቱን ያጠፋል፣ ግጥሙንም አብሮ ያጠፋል። የአማርኛ ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸ አጭርና ሹል ፍንዳታ አላቸው፤ ከጓደኞቻቸው የሚለያቸው አንዱ ምልክት ይህ ፍንዳታ ነው፣ የሚገኘውም በብዛት በላይኛው የድምፅ ክልል ነው። ያ ክልል ሲታፈን «መጣ» እና «መታ» ይቀራረባሉ፤ ቅኔ ለበስ ስንኝ ላይ ደግሞ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። በኢኪው (የድምፅ ክልሎችን ለየብቻ በሚያስተካክለው የሚክሰሩ ክፍል) መቀነስ ያለበት የጮኸችው ጠባብ ቦታ ብቻ ናት። በሌላው ጫፍ ግን መድፈር ይቻላል። በዘፋኙ መስመር ላይ ከ80 ወይም ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን በሎው ከት መቁረጥ የእስክስታ ተጫዋቾችን የእግር ድምፅ፣ ከአጠገቡ የሚመታውን ከበሮና ማይክ ሲቀርብ የሚመጣውን የባስ እብጠት ይቀንስልናል።

ጌይን፣ ማለትም የማይኩ ድምፅ ወደ ሚክሰሩ ሲገባ የሚጎለብትበት መጠን፣ የሚስተካከለው ከሁሉ በፊት ነው፣ ሲበላሽ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። ፌደሩን (የድምፅ መጠን ተንሸራታቹን) ዝቅ አድርጎ ዘፋኙን «ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ማስባል አይጠቅምም። ከዘፈኑ እጅግ ከፍ የሚለውን ቦታ፣ በሙሉ ድምፁ እንዲዘፍነው ነው መጠየቅ ያለበት። ጌይኑ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አረንጓዴው መብራት ዘወትር ይብራ፣ ቢጫው አልፎ አልፎ ብቅ ይበል፣ ቀዩ ፈጽሞ አይታይ። ከዚያም ላይ ትንሽ ትርፍ ይተዋል፤ ዘፋኝ ሕዝብ ፊት ሲቆም ከሳውንድ ቼኩ ይልቅ ከፍ አድርጎ መዝፈኑ አይቀርምና።

ማሲንቆ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን፣ የሚፋተግ ደጋን። ማይኩ ደጋኑ ክሩን በሚነካበት ቦታ ላይ ካነጣጠረ ፍትጊያው ይበዛል፤ ወደ ቆዳው ቢዞር የሳጥኑ ሙሉ ድምፅ ይገኛል። አዝማሪው በእንግዶች መሐል እየዞረ የሚጫወት ስለሆነ፣ በመሣሪያው ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ገመድ አልባ ማይክ ከቋሚ ማይክ ይሻላል። ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር ደግሞ በዲአይ ቦክስ በኩል ወደ ሚክሰሩ ቢገባ ረጅሙ ገመድ የመብራት እዝታ አይሰበስብም። ከበሮ በትንሽ ቤት ብዙ ጊዜ ማይክ አያስፈልገውም። እንዲያውም የሌላው ሁሉ ልክ በከበሮው ቢወሰን ይሻላል፤ እሱን መቀነስ የሚችል ፌደር የለምና።

ባዶ ቤት የተስተካከለ ድምፅ ሰው ሲሞላ ይለወጣል። ሰውነትና ልብስ በተለይ ላይኛውን ድምፅ ይመጥጣሉ። በመጀመሪያው ዘፈን ጊዜ ከሚክሰሩ ተነስቶ እስከ በሩ ድረስ መሄድ፣ ጥግ ላይ ቆሞ ግጥሙ ይለይ እንደሆነ ማድመጥ ያስፈልጋል። ሲከፈት ሚክሰሩ ቀድሞ፣ ስፒከሮቹ በመጨረሻ ይበራሉ፤ ሲዘጋ ስፒከሮቹ ይቀድማሉ። አለዚያ የሚሰማው ዱብታ ስፒከሩን ሊጎዳ ይችላል።

ጆሮም መለኪያ አለው። በሥራ ቦታ ጤና ጥናት በስፋት የሚሠራበት ምክር 85 ዴሲቤል ላለበት ቦታ 8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። እንግዳ ሁለት ሰዓት ተጫውቶ ይሄዳል፤ ባለሙያው ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ በሳምንት ብዙ ቀን እዚያው ነው። የጆሮ መከላከያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከገመዶቹ ጋር በቦርሳው ውስጥ ይኑር።