«ባዳ» ስለሚባለው ቃል

በአርሲ፥ በአቦምሳ ከተማ፥ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ስለዚህ በፊደል «ባዳ» ተብሎ የተጻፈ ቃል ሦስት የማይዛመዱ ትርጉሞች ሊኖሩት ይችላል። በአማርኛ ዘመድ ያልሆነ ሰው ማለት ነው። በኦሮምኛ ግን «ዳ» ሲላላ መጥፎ፥ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ይሆናል።

እንግዲህ «ነማ ባዳ» የሚለው ጽሑፍ የደጋ ሰው ወይም ክፉ ሰው ተብሎ ሊተረጐም ነው። ተናጋሪው አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ከወረቀት ላይ የሚያነበው ነው፤ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ለይቶ አያሳይምና። አማርኛም ቢሆን ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም። «ገና» በሚለው ቃል «ና» ሲላላ ጊዜው ያልደረሰ ነገርን ያመለክታል፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል። ይሁን እንጂ አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ከዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ይለየዋል፤ ቋንቋውን የማያውቅ ግን መለያ የለውም።

ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ለኦሮምኛ በሥራ ላይ የዋለው ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ ሁለቱን ቃላት ይለያል። በፊደል የሚመዘግብ ተማሪም ከቃሉ አጠገብ «ይጠብቃል» ወይም «ይላላል» ብሎ ቢያመለክት፥ የአርሲን ደገኛ ሳያውቅ ክፉ ሰው ከማለት ይድናል።