ስለ አረጀው የምጽዋ ባቡርና ስለ ሽማግሌዎቹ ሠራተኞች

ያረጀ የእንፋሎት ባቡር አድሶ ማስነሣት በኤውሮፓ የሙዚየሞችና የማኅበሮች ሥራ ነው፤ ገንዘቡም መሣሪያውም በቅርብ ይገኛል። በምጽዋና በአስመራ መካከል የተሠራው ግን በእጅና በትዝታ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ልጆች ላሉት ሰው ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው።

ይህን መንገድ ኢጣልያኖች በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1887 ከምጽዋ ዠምረው በ1911 አስመራ አደረሱት። ርዝመቱ 118 ኪሎሜትር ነው፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶም ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል። ለዚሁ ዳገት አንሳልዶ የሚባለው የኢጣልያ ፋብሪካ በ1938 የሠራቸው የባቡር መኪናዎች አራት አራት ሲሊንደር አላቸው። እንፋሎቱ በኋለኞቹ ሁለት ከሠራ በኋላ ወደ ውጭ አይለቀቅም፤ ወደ ፊተኞቹ ሁለት ሄዶ ዳግመኛ ይሠራል። የፊተኞቹም መንኰራኵሮች ለብቻቸው ስለሚዞሩ ጠመዝማዛው መንገድ አያስቸግራቸውም። ብልኀቱ እጅግ የሚደነቅ ነው።

በ1970ዎቹ ዓመታት በጦርነቱ ምክንያት ባቡሩ ቆመ። ሐዲዱና ከሐዲዱ ሥር የሚጋደሙት ብረቶች እየተነቀሉ ለምሽግ ሥራ ዋሉ፤ መኪናዎቹም በቆሙበት ዛጉ። በ1990ዎቹ መንገዱን ለማደስ ሲታሰብ የውጭ አገር ሰዎች የጠየቁት ዋጋ ከዐቅም በላይ ስለ ሆነ፥ ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ። ከነርሱም ብዙዎቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። ብረቱ ከየምሽጉ ተለቅሞ ተሰበሰበ፤ ለመኪናዎቹም የጐደለውን ዕቃ አንዳንዱን ከወደቀ መኪና ፈትተው አወጡ፥ አንዳንዱንም በአስመራው የባቡር ሥራ ቤት ቀጥቅጠውና ሞርደው ሠሩ።

እንዲህ ባለ እድሳት ከሁሉ የሚያስፈራው ውሃው የሚፈላበት የብረት ጋን ነው። ብረቱ በዝገት ሳስቶ እንደ ሆነ እንፋሎቱ ፈንድቶ ሰው ይገድላል። ስለዚህ እሳት ከመንደዱ በፊት ጋኑን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው፥ በሥራ ጊዜ ከሚሸከመው በሚበልጥ ኀይል ይገፉታል፤ የደከመ ስፍራ ቢኖር ውሃው ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም። ይህን ሕግ መጽሐፍ ሊያስተምረው ይችላል። በመዶሻ ሲመታ ጤነኛው ብረት ከታመመው የሚለይበትን ድምፅ ግን ወጣቱ ከዐዋቂው ጋራ ቆሞ ካልሰማ አያውቀውም። ሽማግሌዎቹ ባይጠሩ ኖሮ ይህ ዕውቀት ከነርሱ ጋራ ይቀበር ነበር፤ ለእኔ ከመኪናዎቹ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

በ2003 ሐዲዱ እንደ ገና ከምጽዋ አስመራ ደረሰ። ከዚያም በኋላ ከሩቅ አገር የመጡ ባቡር ወዳዶች ገንዘብ ከፍለው፥ ከአስመራ ወደ ነፋሲት በጢሱ ባቡር ቍልቍል ወረዱ፤ መኪናውንም ይነዱ የነበሩት ሽበታሞቹ ናቸው።