የአደይ ጉትቻ ከበግ ፀጉር
«የሠፈራችን በግ ፀጉር ለፌልት አበባ ይሆናል ወይ?» ላላችሁኝ የጊዳ አያና ልጆች፦ አይሆንም። የወለጋው የሆሮ በግ ፀጉሩ አጭርና ለስላሳ ስለሆነ እርስ በርሱ ተያይዞ ፌልት፣ ማለትም ታሽቶ የጠበቀ የፀጉር ጨርቅ፣ አይሆንም። ባናና በርኖስ የሚሠራበትን የመንዝ በግ ፀጉር ፈልጉ። ሸካራ ነው፤ ለአንገት ያሳክካል፣ ለጉትቻ ግን ግሩም!

ታጥቦ የተባዘተውን ፀጉር በስሱ አንዱን በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም ደርድሩ። ሙቅ ውሃና ሳሙና አርከፍክፉበት፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ኋላ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። የፀጉሩ ጥቃቅን ቅርፊቶች ተቆላልፈው ይጠብቃሉ። ስትቆነጥጡት ፀጉሩ ተነጥሎ ካልወጣ ደርሷል። ስለሚኮማተር ሰፋ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ሲደርቅ በአደይ ቅርጽ ቁረጡት፤ መሃሉ ላይ ጨሌ ስፉ፤ የጉትቻው ሽቦ ከጀርባ ይገባል። ቢጫውን በእርድ መንከር ይቻላል፤ ፀሐይ ግን ቶሎ ያደበዝዘዋል።