የሰይፍና የመጥረቢያ ሚዛን

ጥቂት ወዳጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፥ አንደኛው ተራኪና ዳኛ ሆኖ የዋሻውንና የዘንዶውን ነገር ሲያወራ፥ የቀሩት ደግሞ እያንዳንዳቸው የአንድ ጀግና ሰብእና ተላብሰው «እንዲህ አደርጋለሁ፤ ወዲህ እሄዳለሁ» እያሉ ታሪኩን በየተራቸው የሚያስቀጥሉበት፥ የድርጊታቸውም ፍጻሜ ባጠራጠረ ጊዜ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ወርውረው ለወጣው ዕጣ የሚገዙበት የጨዋታ ዓይነት፥ በአሜሪካ አገር ከታተመ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የሚና ጨዋታ ይባላል። ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው የተረት ማሳለፊያ ይመስላል፤ ውስጡን ለሚመረምር ግን በተረቱ ሥር የቁጥር ሥርዓት፥ በቁጥሩም ሥር የፍትሕ ጥያቄ አለበት። ሰይፍ ከመጥረቢያ፥ ጩቤ ከጎራዴ በምን ይለያል? ልዩነታቸውስ አንዱን ከፍ አድርጎ ሌላውን ከንቱ እንዳያስቀር በምን ይመዘናል? የዚህ ሐተታ ዓላማ ይህን ሚዛን ለአንባቢ ማስተዋወቅ ነው፤ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ አባት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው ሲሆን፥ ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፥ ሌክ ጄኔቫ በምትባለው ትንሽ ከተማ በ1,000 ቅጂ አሳተሙት። በዚያ የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የመሣሪያ ሁሉ ጉዳት አንድ ነበር፤ በጩቤ የወጋም ሆነ በሁለት እጅ በሚያዝ ታላቅ ሰይፍ የመታ ባለ ስድስት ገጹን ጠጠር ወርውሮ የወጣውን ቁጥር ያህል ከጠላቱ የሕይወት ነጥብ ላይ ይቀንሳል። ጩቤ በ3 የወርቅ ሳንቲም፥ ታላቁ ሰይፍ ግን በ15 ይሸጥ ስለ ነበር፥ በጉዳት ረገድ ብቻ ለሚያስብ ተጫዋች ውድ መሣሪያ መግዛት ትርጉም አልነበረውም። በማግሥቱ ዓመት «ግሬይሆክ» የተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ሲወጣ፥ ለጩቤ ባለ አራት ገጽ፥ ለሰይፍ ባለ ስምንት ገጽ ጠጠር ተመደበላቸው፤ መሣሪያም በመሣሪያነቱ የተለየው ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚያው በ1975 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ሊቅ የነበረው ኤም. ኤ. አር. ባርከር ባሳተመው «ኤምፓየር ኦቭ ዘ ፔታል ትሮን» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ሌላ አዲስ ነገር ተጻፈ። ተጫዋቹ መምታት አለመምታቱን የሚወስነውን ባለ ሃያ ገጽ ጠጠር ሲወረውር 20 የወጣለት እንደ ሆነ ጉዳቱ ዕጥፍ ይሆናል፤ እንደገናም ወርውሮ 19 ወይም 20 ካወጣ ጠላቱ ወዲያው ይሞታል። ተጫዋቾች ክሪቲካል ሂት ብለው የሚጠሩት፥ እኛም በዚህ ጽሑፍ ብርቱ ምት የምንለው፥ በታተመ ሕግ የገባው በዚህ ነበር። ጋይጋክስ ራሱ አልወደደውም፤ በ1979 ለጨዋታ መሪዎች በጻፈው መመሪያ የጀግና የሕይወት ነጥብ የሥጋው ብዛት ብቻ ሳይሆን ጥበቡ፣ ዕድሉና የአማልክቱ ረድኤት ጭምር የሚቈጠርበት መሆኑን አስረድቶ፥ ይህን ሁሉ በአንዲት ዕድለኛ ውርወራ መናድ የጨዋታውን መሠረት ያፈርሳል፤ ለጀግናው የተፈቀደውም ለጠላቱ መፈቀዱ አይቀርምና የጀግኖችን ዕድሜ ያሳጥራል ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ጠንካራ ነበር፤ የተጫዋቾች ልብ ግን 20 በወጣች ቍጥር ከመቀመጫ የምታስነሣውን ያችን ደስታ አልተወም።

የጠረጴዛውን ልማድ በሕግ አጽንቶ፥ ከዚያም አልፎ መሣሪያዎችን እርስ በርስ ለመመዘን የተጠቀመበት፥ ጆናታን ትዊት፣ ሞንቴ ኩክና ስኪፕ ዊሊያምስ በ2000 ያወጡት የዚያው ጨዋታ ሦስተኛ እትም ነው። በእነርሱ ሕግ እያንዳንዱ መሣሪያ ከጉዳቱ ጠጠር ሌላ ሁለት ጠባያት አሉት። አንደኛው ወሰኑ ነው፤ ይኸውም ምቱ ብርቱ ይሆን ዘንድ መውጣት ያለባቸው ቁጥሮች ብዛት ነው። ሁለተኛው ማባዣው ነው፤ ይኸውም ምቱ ብርቱ በሆነ ጊዜ ጉዳቱ ስንት እጅ እንደሚሆን የሚናገር ነው። ረጅሙ ሰይፍ በ19ና በ20 ዕጥፍ ይጎዳል፤ የጦር መጥረቢያ በ20 ብቻ ሦስት እጅ ይጎዳል። ቆልማማው ጎራዴ ከ18 እስከ 20 ዕጥፍ ሲሆን፥ ከባዱ የጦር ዶማ በ20 ብቻ አራት እጅ ነው።

ይህን ድንጋጌ በቅርብ እንመርምረው። አንድ ወታደር 11ና ከዚያ በላይ ሲያወጣ የሚመታው ጠላት ገጥሞት ሃያ ጊዜ ሰነዘረ እንበል፤ ሃያዎቹም የጠጠሩ ገጾች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ወጡለት እንበል። አሥሩ ይመታሉ። ሰይፍም ሆነ መጥረቢያ በባለ ስምንት ገጽ ጠጠር ስለሚጎዱ የአንዱ ምት አማካይ 4.5 ነው፤ ያለ ብርቱ ምት የአሥሩ ድምር 45 ይሆናል። ሰይፍ የያዘው 19ና 20 ሲወጡለት ሁለት ጊዜ የብርቱ ምት ዕድል ያገኛል፤ ሕጉ ግን ዕድሉን በሁለተኛ ውርወራ እንዲያጸና ያዝዘዋልና፥ ከሁለቱ በአማካይ አንዱ ጸንቶለት 4.5 ይጨምራል፤ ድምሩ 49.5 ነው። መጥረቢያ የያዘው የሚያገኘው ዕድል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚጸናለት በግማሹ ነው፤ ነገር ግን በጸና ጊዜ ሁለት ተጨማሪ እጅ ስለሚያገኝ የእርሱም ድምር 49.5 ይሆናል። በባለ ስድስት ገጽ ጠጠር የሚጎዱት ጎራዴና ዶማም እንዲሁ ቢሰሉ ሁለቱም 40.25 ላይ ይገናኛሉ። ለሰይፍና ለመጥረቢያ ብርቱ ምት የሚጨምርላቸው ከመቶ 10 ሲሆን፥ ለጎራዴና ለዶማ ከመቶ 15 ነው፤ እነዚህ ኋለኞቹ በጠጠር መጠን ያነሱትን በብርቱ ምት በከፊል ይካሳሉ። መልካቸውና ጠባያቸው የተለያየ መሣሪያዎች በአንድ ሚዛን ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው እኩል መቆማቸው፥ ያለ ጥርጥር የጥበብ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ በድምር እኩል መሆን በጠባይ አንድ መሆን አይደለም። ጎራዴው በየገበያው ጥቂት ጥቂት እንደሚያተርፍ ቸርቻሪ ነው፤ ዶማው ግን ወራት ተጉዞ አንድ ጊዜ እንደሚከብር ሲራራ ነጋዴ ነው። ከዚህም የተነሣ 5 የሕይወት ነጥብ ብቻ የቀረውን ጠላት በዶማ 20 ነጥብ ቢጎዱት፥ 15ቱ በከንቱ ፈሰሰ፤ ሙት ሁለት ጊዜ አይሞትምና። ደካሞች ለሚበዙበት ጦር ጎራዴው ይሻላል፤ ሕይወቱ የበዛ ዘንዶ ሲገጥም ግን የዶማው ትልቅ ምት አይባክንም። ሒሳቡን የሚያውቅ ተጫዋች መሣሪያውን የሚመርጠው በዚህ አስተውሎ ነው፤ ሕግ አውጪዎቹም የምርጫውን ነጻነት የጠበቁለት እኩልነትን ከልዩነት ጋር በማስማማት ነው።

ሁለተኛው የማጽኛ ውርወራ ጨዋታውን ያዘገያል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነቀፋል፤ ምክንያቱ ግን ርቱዕ ነው። ጥሩሩ እጅግ የጸና ባላባት 20 በማውጣት ብቻ የሚመታ ከሆነ፥ ማጽኛ ባይኖር በእርሱ ላይ የሚያርፍ ምት ሁሉ ብርቱ ምት በሆነ ነበር፤ በዚህም ይበልጥ የተጠበቀው ሰው በተመታ ቍጥር ይበልጥ የሚጎዳ ይሆናል። ማጽኛው ይህን ግፍ ያስቀራል፤ ለመመታት አስቸጋሪ የሆነው ሰው በብርቱ ለመመታትም በዚያው ልክ አስቸጋሪ ሆኖ ይኖራል።

የሚዛኑ ድካም የታየው በሌላ ወገን ነው። ብርቱ ምት የሚያበዛው የመሣሪያውን ጠጠር ብቻ ሳይሆን ከተዋጊው ጉልበት የሚመጣውን ጭማሪም ጭምር ነውና፥ ጀግናው በበረታ ቍጥር የጠጠሩ መጠን ዋጋው ይቀንሳል፤ የወሰኑ ስፋት ግን ዋጋው ይጨምራል። ጭማሪው ከ18.5 ሲያልፍ፥ መጀመሪያ ከሰይፍ ያነሰው ጎራዴ ሰይፉን ይቀድመዋል። የመሣሪያውን ወሰን ዕጥፍ የሚያደርግ የስለት አስማት ለሁለቱም ሲሰጣቸው ደግሞ፥ ጎራዴው የሚቀድምበት ጭማሪ ወደ 8.5 ይወርዳል። በ2000ው ሕግ ይህን አስማት ከተዋጊው ልዩ ሥልጠና ጋር መደራረብ ስለ ተፈቀደ፥ የጎራዴው ወሰን ከ12 እስከ 20 ተዘረጋ፤ ከሃያ ገጾች ዘጠኙ የብርቱ ምት ዕድል ሆኑ ማለት ነው። የዘወትር ነገር የሆነ ድንቅ ድንቅነቱ ይቀራልና፥ በ2003 የወጣው የታረመ እትም መደራረቡን ከለከለ።

የዚያ እርማት ሌላው ፍሬ በጠላት ወገን የታየ ነው። ጭራቁ የሚኖረው ለአንድ ውጊያ ነው፤ ጀግናው ግን በአሥር ውጊያ ውስጥ አልፎ ለአሥራ አንደኛው መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ዕድል በበረታችበት ጨዋታ ዘወትር የሚከፍለው ብዙ የሚኖረው ነው። ኦርክ የተባለው ተራ ጭራቅ በ2000ው መጽሐፍ የታጠቀው ታላቅ የጦር መጥረቢያ ነበር፤ ባለ አሥራ ሁለት ገጹ ጠጠር በብርቱ ምት ሦስት እጅ ሲሆን አማካዩ ብቻ 19.5 ይደርሳል። ጀማሪ ወታደር ግን ታሪኩን የሚጀምረው በ10 የሕይወት ነጥብ፥ በዚያም ላይ የጤንነቱን ጥቂት ጭማሪ ይዞ ነው። ገና ስሙ ያልተጠራ ጀግና በመጀመሪያው ዋሻ ደጃፍ በአንድ ውርወራ ይወድቅ ነበር። በ2003 ኦርኩ መጥረቢያውን ጥሎ፥ ወሰኑ ሰፊ ማባዣው ግን ሁለት ብቻ የሆነ ከባድ ጎራዴ እንዲይዝ ተደረገ፤ የጋይጋክስ ሥጋት ከሃያ አራት ዓመት በኋላ በከፊል ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሕግ አውጪዎች ሌላ ሌላ መንገድ ሞክረዋል። የ2008ቱ አራተኛ እትም ብርቱ ምትን የጠጠሩ ከፍተኛ ቁጥር እንዲሆን በማድረግ ጽንፉን ገታው። የ2014ቱ አምስተኛ እትም የመሣሪያዎችን የወሰንና የማባዣ ልዩነት ፈጽሞ ሽሮ፥ ሁሉም በ20 ጠጠራቸውን ዕጥፍ እንዲወረውሩ፥ የጉልበት ጭማሪ ግን እንዳይባዛ አዘዘ፤ ቀላል ሆነ፤ ነገር ግን ሰይፍና መጥረቢያ የነበራቸውን ልዩ ጠባይ አጡ። በ2019 የወጣው «ፓዝፋይንደር» የተባለው ሌላ የሚና ጨዋታ ሁለተኛ እትም ደግሞ ውርወራው የጠላትን የመከላከያ ቁጥር በ10 ወይም ከዚያ በላይ ሲያልፍ ብርቱ ምት ይሆናል በማለት፥ ከዕድል ወስዶ ለችሎታ ድርሻ ሰጠ።

እኔ ፍርዴን ስሰጥ፥ የሦስተኛው እትም የመሣሪያ ሰንጠረዥ በ2003 ከታረመ በኋላ፥ ጉድለቱ ሁሉ ሳይዘነጋ፥ ከተጠቀሱት ሁሉ ይበልጣል እላለሁ፤ ሁሉን አንድ አድርጎ እኩል ማድረግ ማንም የሚችለው ሲሆን፥ የተለያዩትን በልዩነታቸው ጠብቆ ማስተካከል ግን ትዕግሥትና ሒሳብ የሚጠይቅ ነውና። አንባቢ ሆይ፥ አንተም ከልጆችህ ወይም ከወዳጆችህ ጋር ለመጫወት የራስህን ጨዋታ ለመድረስ ብትነሣ፥ ለሰይፍህ የሚያምር ስም ከማውጣትህ በፊት እርሳስና ወረቀት ያዝ፤ ሃያውን ውርወራ በየመሣሪያው አስላ፤ በጀማሪው ጀግናም በበረታው ጀግናም እጅ አስገብተህ መዝን፤ የጠላትንም መሣሪያ በዚያው ሚዛን መዝን። ድምሩ ካልተመዘነ፥ ምርጫ የሰጠኸው ተጫዋች በእርግጥ ምርጫ አላገኘም።