የመጠጥ ውሃንና ኬሚካላዊ ብክለትን ስለሚመለከቱ ቃላት አመራረጥ

በየቤቱ የሚጠጣውን ውሃ ከኬሚካል ብክለት ስለ መጠበቅ የሚጻፉ መመሪያዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ተርጓሚውን የሚያሰናክለው እንግዳው ‹‹ኬሚካል›› ሳይሆን ነባሩ ‹‹ንጹሕ›› ነው። በተለመደው አነጋገር ንጹሕ ውሃ ጉድፍ የሌለበት፣ ያልደፈረሰ፣ ሽታው ያልተለወጠ ውሃ ነው። በውሃ የሟሟ ፍሎራይድ ወይም አርሴኒክ ግን አይታይም፤ አይሸትም። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ፣ ከአንዳንድ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ እንደ መስተዋት የጠራ ሆኖ ሳለ፣ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካመለከተው መጠን፣ ይኸውም በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ ይበልጣል፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘውም ይኸው ነው። (‹‹ጥሩ›› ራሱ ከ‹‹ጠራ›› የወጣ ነውና ሕዝቡ የጠራውን ጥሩ ማለቱ አያስደንቅም።) ስለዚህ ለመልኩ ‹‹የጠራ››፣ ለጤንነት ሲሆን ‹‹ለመጠጥ የሚበጅ›› ተብሎ ተለይቶ ቢጻፍ እንመርጣለን።

በግሦቹም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ‹‹ማከም›› ጠቅላላ ነው፤ ‹‹ማጥለል›› እና ‹‹ማፍላት›› ግን የተወሰኑ ሥራዎች ናቸው። ማፍላት ረቂቅ ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው እየበረታ ይሄዳል። እንግዲህ ‹‹አክማችሁ ጠጡ›› የሚለውን ‹‹አፍልታችሁ ጠጡ›› ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ አንባቢውን ይጎዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ‹‹መድኃኒት›› ነው። ገበሬው ማላታዮንን የመሰለውን ሁሉ ‹‹የተባይ መድኃኒት››፣ ‹‹የአረም መድኃኒት›› ይለዋል። ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪንም ‹‹የውሃ መድኃኒት›› ነው። አንዱ ስም የሚበክለውንም የሚጠብቀውንም ይጠራል ማለት ነው። ‹‹የመድኃኒት ጀሪካን›› የተባለ ባዶ ዕቃ በአንዲት እናት ጆሮ ምን ክፉ ድምፅ አለው? አጥባ ውሃ ትቀዳበታለች፤ ፕላስቲኩ ግን ከመርዙ የጠጣውን ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ይለቃል። ‹‹ሕዝቡ የሚለውን እንጻፍ›› የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉ። ሐሳባቸው ቀላል አይደለም፤ ‹‹ፀረ ተባይ›› ብቻውን ለብዙ አንባቢ ባዶ ቃል ነውና። ሆኖም በማሸጊያው ላይ ‹‹መርዝ›› የሚለው ቃል ሊቀር አይገባም። በእኛ አስተያየት ‹‹የተባይ መድኃኒት፤ ለሰው መርዝ ነው፤ ዕቃው ታጥቦም ቢሆን ውሃ አይቀዳበትም›› ቢባል የተሻለ ነው። ቢረዝምም ይርዘም።

የ‹‹በከለ›› ርባታ ችግር አይፈጥርም፤ ድርጊቱ ‹‹ብከላ››፣ ሁኔታው ‹‹ብክለት››፣ አድራጊው ‹‹በካይ›› ይባላል። ‹‹የተመረዘ ውሃ›› ግን ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ስለሚያስመስል በቦታው ካልሆነ አይበጅም። የስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሟሙቶ የመጣ ነው፤ በካይ የለውም። ለእርሱ ‹‹የፍሎራይድ መብዛት›› ማለት ይበቃል።